የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ዐይነቶችን ስለ መለየት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



በዛሬው የበዓል ቀን በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤታችን አመሠራረትና ስለ ስፖርት ቡድናችን ድል ተናግረው አስጨብጭበዋል። የእኛ ርእስ ግን የሚያስጨበጭብ አይደለም፤ የእኛ ርእስ ሰዋስው ነው። ይህን ቃል ስንጠራ በኋለኛው ወንበር የተቀመጡ አንዳንድ ወንድሞቻችን ፊታቸውን ሲያኮሳትሩ ከዚህ ሆነን እናያለን። ጥቂት ታገሡን። ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላልን የሚንቅ ሰው ሰገነት ላይ አይወጣም፤ አንዱን እርከን የሳተም መውደቁ አይቀርም። እኛም ወድቀን ስለምናውቅ ነው ይህን ርእስ የመረጥነው።

ወላጆቻችንም «የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለእኛ ምን ይረባናል?» ብላችሁ እንዳታዝኑ እንለምናችኋለን። ልጆቻችሁ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም፥ ፊዚክሱንም፥ ታሪኩንም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛን ዓረፍተ ነገር ዐይነት የማይለይ ተማሪ የሚሳሳተው በእንግሊዝኛ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ በሁሉም ነው። ምሳሌዎቹንም እንድትሰሙልን በአፋችን እየጠራን ወዲያው በአማርኛ እንፈታቸዋለን።

አስቀድመን አንድ ታሪክ እንናገር። 9ኛ ክፍል በገባንበት ዓመት ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከገጠር ሚስዮን ትምህርት ቤቶች የመጣን ነበርን። እንግሊዝኛውን በመጽሐፍ እናውቀዋለን እንጂ ከሰው አፍ የሰማነው በጥቂቱ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ከጓደኞቻችን አንዱን አስነሥተው «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ሪድ ዘ ኔክስት ፓራግራፍ?» አሉት። ቃል በቃል ሲፈታ «ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ማንበብ ትወዳለህን?» ማለት ነው። ጓደኛችንም የተጠየቀውን በእውነት መለሰ። የዚያን ቀን ጉሮሮውን ያመው ስለ ነበረ «ኖ፥ ታንክ ዩ» አለና ተቀመጠ። ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። መምህሩ እንደ ድፍረት ቆጥረውት ከክፍል አስወጡት። ያ ጓደኛችን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በእንግሊዝኛ ክፍል አፉን ሳይከፍት ቀረ። አባቶች «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ እርሱ ግን መጠየቅን ብቻ ሳይሆን መመለስንም ፈራ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነበር? ጓደኛችን የሰማው ጥያቄ ነው። መምህሩ የተናገሩት ግን ትእዛዝ ነበር። አንዱ ዓረፍተ ነገር በአንዱ ጆሮ ጥያቄ፥ በሌላው ጆሮ ትእዛዝ ሆነ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ዓረፍተ ነገር ማለት አንድ ሙሉ ሐሳብ የሚገልጽ የቃላት ስብስብ ነው። በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ሁለት ዋና ነገሮች ያስፈልጉታል፤ አንደኛው ባለቤቱ፥ ሁለተኛው ግሱ ነው። የአማርኛ ሰዋስው ሊቃውንት ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ ማሰሪያ አንቀጽ ይሉታል። ይህም የተገባ ስም ነው፤ የአማርኛ ነገር እንደ ነዶ በመጨረሻው ላይ ይታሰራልና። «ገበሬው ትናንት ከገበያ ሁለት በሬ ገዛ» ስንል እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ገበሬው በሬውን ይግዛው ወይም ይሽጠው አይታወቅም። የዓረፍተ ነገሩም ዐይነት የሚለወጠው እዚያው መጨረሻው ላይ ነው። «ገዛ» ካልን ወሬ ነው፤ «ገዛ ወይ?» ካልን ጥያቄ ነው፤ «ይግዛ» ካልን ትእዛዝ ነው። በፊት ያሉት ቃላት ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። «ዘ ፋርመር ቦት ቱ ኦክስን ኢን ዘ ማርኬት የስተርዴይ» ሲል ገበሬው ቀድሞ፥ «ገዛ» የሚለው ግስ ወዲያው ተከትሎ፥ በሬውና ገበያው ትናንትም ከኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩ ዐይነት የሚታወቀው ከፊት ካሉት ከሁለቱ ወይም ከሦስቱ ቃላት ነው። ዛሬ ከምንነግራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙልን፤ አማርኛ ከእግሩ ይታወቃል፥ እንግሊዝኛ ግን ከግንባሩ ይታወቃል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እንግሊዝኛ ስናነብ ዐይናችን በልማድ ወደ መጨረሻው ይሮጣል፤ ስሕተታችንም የሚበዛው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሰዋስው መጻሕፍት ዓረፍተ ነገርን በሚሠራው ሥራ መሠረት በአራት ይከፍሉታል። እነዚህም ሐተታዊ፥ መጠይቃዊ፥ ትእዛዛዊና የአንክሮ ዓረፍተ ነገር ናቸው።

አንደኛው ሐተታዊ ዓረፍተ ነገር ነው። እንግሊዞች ዲክላራቲቭ ይሉታል፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ግልጥ ማድረግ ማለት ነው። አንድን ነገር ያወራል፥ ያስረዳል። ግንባሩን ስናየው ባለቤቱ ይቀድማል፥ ግሱ ይከተላል። «ዘ ቦይ ኬም» ማለት «ልጁ መጣ» ማለት ነው፤ «ዘ ዎተር ኢዝ ሆት» ማለት «ውሃው ሙቅ ነው» ማለት ነው። በነጥብ ይዘጋል። ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የምናነበው ነገር አብዛኛው ይኸው ነውና።

ሁለተኛው መጠይቃዊ ነው፤ ኢንተሮጋቲቭ ይባላል። በአማርኛ ድምፅን ከፍ በማድረግ ብቻ መጠየቅ ይቻላል፤ «ልጁ መጣ?» ካልን በቂ ነው። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ግን ቃላቱ ቦታ መለዋወጥ አለባቸው። «ዘ ዎተር ኢዝ ሆት» የነበረው «ኢዝ ዘ ዎተር ሆት?» ይሆናል፤ ግሱ ባለቤቱን ቀደመ ማለት ነው። ግሱ ራሱ መቅደም የማይችል በሆነ ጊዜ ደግሞ ዱ፥ ዳዝ ወይም ዲድ የሚባል ረዳት ግስ ተጠርቶ ይመጣና በር ላይ ይቆማል። «ዲድ ዘ ቦይ ካም?» ማለት «ልጁ መጣ ወይ?» ማለት ነው። «የት፥ መቼ፥ ለምን» የሚሉት ቃላት ሲኖሩ እነርሱ ከሁሉ ይቀድማሉ፤ ረዳቱ ይከተላል፥ ባለቤቱም ከዚያ በኋላ ይገባል፤ «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» እንደሚባለው ነው። ከዚህ ሥርዓት የሚወጣው የሚጠየቀው ባለቤቱ ራሱ የሆነ እንደ ሆነ ነው። «ሁ ብሮክ ዘ ዊንዶው?» «መስኮቱን ማን ሰበረው?» ሲባል ረዳት አያስፈልግም፤ «ማን» የሚለው ቃል ራሱ በባለቤቱ ወንበር ተቀምጧልና።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ እናክላለን። «ቴል ሚ ዌር ዩ ሊቭ» የሚለው «የት እንደምትኖር ንገረኝ» ማለት ነው። በውስጡ «የት» የሚል ቃል ስላለበት ብዙዎቻችን በመጨረሻው የጥያቄ ምልክት እናደርግበታለን፤ ቃላቱንም እናገላብጣለን። ግንባሩን ብናይ ግን «ቴል» የሚል ነው፤ ይህም «ንገር» የሚል ትእዛዝ ነው። እንደዚሁም «አይ አስክድ ሂም ዌር ሂ ሊቭድ» «የት እንደሚኖር ጠየቅሁት» የሚለው ስለ ጥያቄ ያወራል እንጂ አይጠይቅም። ስለዚህ ሐተታዊ ነው፤ የሚዘጋውም በነጥብ ነው።

ሦስተኛው ትእዛዛዊ ነው፤ ኢምፐራቲቭ ይባላል። የዚህ ምልክቱ ባለቤቱ መታጣቱ ነው። ግሱ ራቁቱን ከፊት ይቆማል፤ «ሸት ዘ ዶር» «በሩን ዝጋ» እንደሚባለው ነው። ባለቤቱ «አንተ» ወይም «እናንተ» መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ አይነገርም። ክልከላ በሆነ ጊዜ «ዶንት» ይቀድማል፤ «ዶንት ፎርጌት» ማለት «አትርሳ» ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን «ዶንት» ስላየን ብቻ አንፍረድ። «ዶንት ዩ ኖው ሂም?» ሲል ደግሞ «አታውቀውምን?» ብሎ መጠየቁ ነው። ሁለቱን የሚለየው ሁለተኛው ቃል ነው፤ ከ«ዶንት» ቀጥሎ «ዩ» የሚለው ባለቤት ከመጣ ብዙውን ጊዜ ጥያቄ ነው፥ ግስ ከመጣ ግን ክልከላ ነው። ሌላም ዐይነት ትእዛዝ አለ፤ ተናጋሪው ራሱን ከሰሚዎቹ ጋራ ሲያዝዝ «ሌት አስ ቢጊን» ይላል፤ «እንጀምር» ማለት ነው።

አራተኛው የአንክሮ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ኤክስክላማቶሪ ይባላል። መደነቅን፥ ደስታን ወይም ሐዘንን ያሰማል። የሚጀምረው «ዋት» ወይም «ሃው» በሚሉት ቃላት ነው፤ በዚህም ምክንያት ከጥያቄ ጋራ ይምታታል። መለያው ግን እጅግ ቀላል ነው። «ሃው ክሌቨር ኢዝ ሺ?» ማለት «ምን ያህል ብልህ ናት?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ሃው ክሌቨር ሺ ኢዝ!» ማለት ግን «እንዴት ያለች ብልህ ናት!» ብሎ መደነቅ ነው። ቃላቱ አራት ናቸው፤ በሁለቱም ያሉት እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው የመጨረሻዎቹ የሁለቱ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ግሱ ከቀደመ ይጠይቃል፥ ባለቤቱ ከቀደመ ይደነቃል። በአማርኛ ግን «እንዴት ያለ ልጅ ነው» የሚለው አንዱ ቃል እንደ ድምፁ ጥያቄም አንክሮም ይሆናል።

አሁን ወደ ጓደኛችን ታሪክ እንመለስ። «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ሪድ» የሚለውን ግንባሩን ብንመለከት ረዳት ግስ ባለቤቱን ቀድሟል። ስለዚህ መልኩ ጥያቄ ነው፤ ጓደኛችን አልተሳሳተም። ታዲያ መምህሩ ለምን እንዲህ ተናገሩ? መልሱ ያለው በእኛና በእነርሱ የአክብሮት ልማድ ውስጥ ነው። አማርኛ አክብሮትን በግሱ ውስጥ ያኖራል። ለልጅ «ዝጋ»፥ ለእኅት «ዝጊ»፥ ለብዙዎች «ዝጉ»፥ ለአባትና ለመምህር «ይዝጉ» እንላለን። ሁሉም ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን «ይዝጉ» ያለ ልጅ አክብሮቱን በአንዲት ቃል ፈጽሟል። እንግሊዝኛ ይህ ሀብት የለውም። ለልጅም፥ ለእናትም፥ ለሹምም «ሸት» ያው «ሸት» ነው። እንግዲህ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሊያከብር ሲፈልግ ምን ያድርግ? «ፕሊዝ» የምትለውን ቃል ይጨምራል፤ ከዚህም በላይ ሊያከብር የፈለገ እንደ ሆነ ትእዛዙን የጥያቄ ልብስ ያለብሰዋል። «ኩድ ዩ ሸት ዘ ዶር?» ቃል በቃል «በሩን መዝጋት ትችላለህን?» ነው፤ አሳቡ ግን «እባክህ በሩን ዝጋ» ነው። የሚጠበቀው መልስ «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚል ቃል ሳይሆን ተነሥቶ በሩን መዝጋት ነው።

ከዚህም የተነሣ በእኛ በኩል የሚደርሰው ስሕተት ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ እንደ ጓደኛችን ልብሱን አይቶ ሥራውን መሳት ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ይስጡኝ» እያልን በልባችን እያሰብን በአፋችን ለእንግዳ «ጊቭ ሚ ዘ ቡክ» ማለት ነው። በልባችን አክብረናል፤ በእንግዳው ጆሮ ግን እንደ ጌታ አዝዘናል። ከእኛ መካከል በዚህ ምክንያት ባለጌ የተባለ አለ፤ የተናገረው ግን ከአባቱ የተማረውን አክብሮት ነበር። ስለዚህ ዓረፍተ ነገርን ስንለይ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፤ መልኩ ምንድር ነው? ሥራውስ ምንድር ነው? መልኩን ከግንባሩ እናውቃለን። ሥራውን የምናውቀው ግን ማን፥ ለማን፥ በምን ጊዜ እንደ ተናገረው በማስተዋል ነው። በፈተና ላይ «ዐይነቱን ለዩ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው መልኩ ነው፤ በኑሮ ግን ሥራው ይበልጣል።

እስካሁን ዓረፍተ ነገርን በሥራው ከፍለናል። ሁለተኛው አከፋፈል ደግሞ በአሠራሩ ነው። በዚህም ነጠላ፥ ጥምር፥ ውስብስብ፥ ጥምር ውስብስብ ተብሎ በአራት ይከፈላል።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችን ስሕተት በርዝመቱ መፍረድ ነው። ረጅሙን ውስብስብ፥ አጭሩን ነጠላ እንላለን። ነገር ግን «ዘ ኦልድ ፋርመር ኤንድ ሂዝ ሰንስ ኬም ቱ ዘ ማርኬት ኧርሊ ኢን ዘ ሞርኒንግ» «ሽማግሌው ገበሬና ልጆቹ ከማለዳ ወደ ገበያ መጡ» የሚለው ያን ያህል ረዝሞ ነጠላ ነው፤ «መጡ» የሚል አንድ ግስ ብቻ አለውና። «ኤንድ» የሚለው መስተፃምር ቢኖርበትም ያያያዘው ሰውን ከሰው ጋራ ነው እንጂ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር ጋራ አይደለም። «ሂ ሳንግ ኤንድ ሺ ዳንስድ» «እርሱ ዘፈነ፥ እርሷም ጨፈረች» የሚለው ግን አምስት ቃል ብቻ ሆኖ ጥምር ነው፤ ሁለት ባለቤት፥ ሁለት ግስ አለበትና፥ እያንዳንዱም ለብቻው መቆም ይችላል። ስለዚህ ቃላትን አትቁጠሩ፤ ባለቤት ያላቸውን ግሶች ቁጠሩ።

ውስብስብ የሚባለው አንድ ዋና ዓረፍተ ነገርና ለብቻው መቆም የማይችል ጥገኛ ያለበት ነው። ጥገኛው የሚታወቀው «ቢኮዝ»፥ «ዌን»፥ «ኢፍ»፥ «ኦልዞ»፥ «አንለስ» በሚሉትና በመሰሎቻቸው ነው። «ኢፍ ኢት ሬይንስ» «ዝናብ ከዘነበ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ሰሚውን በአየር ላይ ሰቅሎታል፤ «ምን ይሁን?» ያሰኛል። ከአማርኛ ወስደን የምንሠራውም ስሕተት አለ። በአማርኛ «ምንም እንኳ ድኻ ቢሆን ግን ደስተኛ ነው» እንላለን። በእንግሊዝኛ «ኦልዞ» ካልን በኋላ «በት» ብንጨምር አንዱን ነዶ ሁለት ጊዜ ማሰር ይሆናል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይበቃል።

እነዚህን ነገሮች በሥዕል ማስተማር የጀመሩ ሰዎች ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. ሪድና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መምህራን ባሳተሙት የሰዋስው መጽሐፍ ዓረፍተ ነገርን በመስመር መንደፍን አሳዩ። አግድም መስመር ይሠመራል፤ ባለቤቱ በግራ፥ ግሱ በቀኝ ይጻፋል፤ በመካከላቸው አግድሙን የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ መስመር ይቆማል። ጥገኛው ከዋናው በታች በሌላ መስመር ላይ ይጻፍና በነጠብጣብ መስመር ይንጠለጠላል። እኛም ይህን በደብተራችን ሞክረን እጅግ ጠቅሞናል። የጠቀመንም ሁሉ ነገር በቦታው ሲጻፍ የተንጠለጠለው ነገር ከዐይን ስለማይሰወር ነው።

የተንጠለጠለው ከዐይን ሲሰወር ምን እንደሚያደርስ አሁን እንነግራችኋለን። ይህን የምንናገረው በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ስሕተቱን የሠራነው እኛው ራሳችን ነን። አምና በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት ለደም ግፊት መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር። ከመድኃኒቱ ጋራ የተሰጠው ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ነበር «እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፥ አንብቡልኝ» ብለው አመጡልን። በወረቀቱ ላይ «ስቶፕ ቴኪንግ ዚስ ሜዲሲን ኤንድ ካም ባክ ቱ ዘ ክሊኒክ» ተብሎ ተጽፎ መስመሩ እዚያ ላይ አበቃ። በሚቀጥለውም መስመር መጀመሪያ ላይ «ኢፍ ዩር ፊት ስዌል» የሚል ነበረ። ትርጉሙ «እግርዎ ካበጠ መድኃኒቱን መውሰድ ያቁሙና ወደ ክሊኒኩ ይመለሱ» ማለት ነው። እኛ ግን ከፊት የቆመውን ትእዛዝ አየን፤ ወዲያው ነገሩ የታሰረ መሰለን። ለእናታችንም «መድኃኒቱን ያቁሙና ይመለሱ ይላል» አልናቸው።

እናታችን አመኑን። መድኃኒቱን አቆሙ፤ ወደ ክሊኒኩም ከበዓል በኋላ ለመሄድ ቀጠሩ። በአምስተኛው ቀን ቡና እየቀዱ ሳሉ ራሳቸውን አዙሮአቸው ወደቁ፤ እጃቸውም በጀበናው ተቃጠለ። ወደ ክሊኒክ ሲወሰዱ ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ ወረቀቱን ጮክ ብላ ስታነብ ያን «ኢፍ» የሚለውን ቃል ሰማነው። እግራቸው አላበጠም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፥ እናታችን ድነዋል። ይቅርታ ልንጠይቃቸው በሄድንም ጊዜ «ልጆቼ፥ እናንተ ምን ታደርጉ፥ የሰው አገር ቋንቋ ነው» አሉን። ቢቈጡን ኖሮ ይቀልለን ነበር።

ያን ቃል ለምን ሳትነው? የቃሉን ትርጉም ሳናውቅ ቀርተን አይደለም፤ «ኢፍ» ማለት «ከ... ከሆነ» ማለት መሆኑን የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ያውቀዋል። የሳትነው በአማርኛ ልማድ ስላነበብን ነው። በአማርኛ «ካበጠ» የሚለው ሁልጊዜ ከማሰሪያው በፊት ይመጣል፤ ማሰሪያው ከመጣ በኋላ የሚጠበቅ ነገር የለም። በእንግሊዝኛ ግን ጥገኛው ከፊትም ከኋላም መቆም ይችላል። ትእዛዙ ከፊት ሆኖ ቅድመ ሁኔታው ከኋላ ሊከተል ይችላል። ያ የወረቀቱ ዓረፍተ ነገር «ያቁሙ» እና «ይመለሱ» የሚሉ ሁለት ዋናዎችና «ካበጠ» የሚል አንድ ጥገኛ ስለ ነበሩበት ጥምር ውስብስብ ነው። በክፍል ውስጥ ይህን ስም በቃላችን እንወጣው ነበር፤ አሮጊቷ ፊት ግን አላወቅነውም።

ስለዚህ ታናናሾቻችን ሆይ፥ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ባጋጠማችሁ ጊዜ ይህን ሥርዓት እንድትከተሉ እንመክራችኋለን። መጀመሪያ እስከ ነጥቡ ድረስ አንብቡ፤ የመስመር መጨረሻ የነገር መጨረሻ አይደለም። ሁለተኛ ወደ ግንባሩ ተመለሱና ባለቤቱና ግሱ በምን ተራ እንደ ቆሙ እዩ፤ በዚህ መልኩን ታውቃላችሁ። ሦስተኛ ባለቤት ያላቸውን ግሶች ቁጠሩና የትኛው ራሱን ችሎ እንደሚቆም፥ የትኛውስ እንደ ተንጠለጠለ ለዩ። በመጨረሻም ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ አስተውላችሁ ሥራውን መርምሩ። በመጀመሪያ ጊዜ ይዘገያል፤ ሲለመድ ግን ከዐይን ጥቅሻ ይፈጥናል።

ለክቡራን መምህራኖቻችንም በትሕትና የምናቀርበው አንድ ልመና አለን። ከገጠር ለመጡት አዲስ ተማሪዎች «ኩድ ዩ» እና «ዉድ ዩ» የሚሉትን ስትናገሩ በመጀመሪያው ወር ብቻ «ይህ የጥያቄ ልብስ የለበሰ ትእዛዝ ነው» ብላችሁ ብታስረዱልን፥ የሚዘጋውን አንደበት ከመዘጋቱ በፊት ታድኑታላችሁ። እናንተም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ጓደኛችሁ ሲሳሳት አትሣቁ። መምህር ያስወጣው ተማሪ በማግሥቱ ይመለሳል፤ ጓደኞቹ የሣቁበት ግን በክፍል ተቀምጦ ሳለ እንኳ የለም።

ያ ጓደኛችን ዛሬ ከእኛ ጋራ 12ኛ ክፍል ነው፤ ታሪኩን እንድንናገርም ፈቅዶልናል። 11ኛ ክፍል ሳለን ይህን የጥያቄና የትእዛዝ ነገር ያስተማረን እርሱ ራሱ ነው፤ በዝምታው ዘመን ብቻውን ሲያነብ ያገኘው ነውና። ይህንም ንግግር ስንጽፍ ስሕተታችንን ያረመልን እርሱ ነው። በፊታችሁ ቆሞ እንዲናገር ለምነነው ነበር፤ «ገና ነኝ» አለን። ከትምህርት ቤታችን ሳንሰናበት እንደምንሰማው ተስፋ እናደርጋለን።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንልን።